የጊትል መቃን

ብሉማ እንጨት የምትሰበስብበት ጋሪ የሕፃን ጋሪ ነበር። ወልዳ የማታውቅ ሴት በሃምሳ ስምንት ዓመቷ፣ ራሷን በጥቁር ሻሽ ጠፍራ፣ ጎማው የሚንጫጫ የሕፃን ጋሪ እየገፋች ስትሄድ ያያት እንግዳ ሰው አእምሮዋ የተነካ ይመስለው ነበር። የሰፈሩ ሰው ግን ለምዷታል። ኒው ዮርክ ውስጥ፣ ከምሥራቁ ወንዝ ዳር ባለው በዚያ የአይሁድ ሰፈር፣ ያልተለመደ ነገር ማለት ያልተሰደበ ነገር ማለት ነው፤ ብሉማ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስትሰደብ ኖራለች።

«ብሉማ!» ትላታለች ኪያር በበርሜል ዘፍዝፋ የምትሸጠው ዘልዳ፣ ክንዷን እስከ ክርኗ ጨው ውሃ ውስጥ እንደነከረች። «ዛሬ ምን ወለድሽ?»

«ሁለት የወንበር እግርና አንድ የመስኮት ፍሬም።»

«እንኳን ማርያም... ምን ልበልሽ፣ የኛ ሴት እንዲህ አይባልላትም እንጂ! ደግሞ የኔን የሽንት ቤት መቀመጫ ዓይተሽዋል አሉ። ትንሽ ታገሺ፣ ገና ተቀምጬበታለሁ!»

ብሉማ ትስቃለች። ስትስቅ አፏን በእጇ ትከልላለች፤ ጣቶቿ ጥፍራቸው ድረስ ጥቁር ናቸው። ያ ጥቁር በሳሙና የሚለቅ አልነበረም።

ስድስት ዓመቷ ነበር ከአገር ቤት በመርከብ ስትመጣ። አባቷ እዚያ ከወንዝ ዳር የእንጨት መሰንጠቂያ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ እዚህ ሲመጣ ያገለገለ ልብስ በጀርባው እያዞረ ሸጠ። እሷ በአሥራ አምስት ዓመቷ ባርኔጣ ፋብሪካ ገባች። ባርኔጣ የሚወጠርበት የራስ ቅል የመሰለ እንጨት ሲሰነጠቅ ይጣላል፤ እሷ ግን ከቆሻሻው እያነሣች በቀሚሷ ሸሽጋ ወደ ቤቷ ትወስድ ጀመር። ለምን ብለው ሲጠይቋት ጎንበስ ብላ ሌላ ታነሣለች። ሰው የሚሆነውን ከመሆኑ በፊት ለምን እንደሚሆነው አያውቅም፤ ካወቀማ ባልሆነው ነበር።

እንጨቶቹን በሣጥን ውስጥ ትደረድራለች፤ ሣጥኑን በሣጥን ላይ ትደራርባለች፤ ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ ግድግዳ ይሆናል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ሥርዓት አላት፣ የማታፈርሰው። እንጨቱ እንደገባ በመጋዝ ትቆርጠዋለች፤ ወዲያው ጥቁር ቀለም በሞላው ገንዳ ውስጥ ትዘፍቀዋለች። ካልጠቆረ በቀር ዓይታ አትመርጠውም፣ ሣጥን ውስጥም አታስገባውም። ቅርፃ ቅርፅ የሚያስተምሩ ወንዶች ቀለሙን መጨረሻ ቅቢው ብለው መክረዋታል። አልሰማቻቸውም።

«እንጨት ታሪኩን ይዞ ከገባ ይለፈልፋል» ትላለች። «የወንበሩ እግር ‹እኔ ወንበር ነበርኩ› ይላል፣ የአልጋው ራስጌ ‹እኔ ላይ ሰው ሞቷል› ይላል። ጥቁር ሲሆኑ ማንም ማንንም ከየት መጣህ አይልም።»

ይህ የምትለው ነገር ከእንጨት የመጣ አልነበረም። ከመርከቡ በወረደችበት ቀን አንድ ኮፍያ ያደረገ ሰው ከየት እንደመጣች ጠይቋት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤትም፣ ፋብሪካም፣ ሥራዋን ተሸክማ በሄደችበት የሥዕል ቤት ሁሉ ይህን ያልጠየቃት የለም። ጥያቄው ሳይነካት የሚያልፍበት አንድ አገር ፈልጋ ያጣች ሰው፣ በመጨረሻ በእጇ ሠራችው።

ጋሪው የቶይቤ ነበር።

ቶይቤ የእህቷ የጊትል አንድያ ልጅ ናት። ጊትል በስድስት ዓመት ትበልጣታለች፤ ባሏ ሔርሽ ልብስ ሰፊ ነበር። በየዓመቱ የፋሲካ ዋዜማ፣ እርሾ ያለበት እህል ሁሉ ከቤት ተጠርጎ ወጥቶ ቤቱ እንደ አዲስ ሙሽራ ሲነጻ፣ ሔርሽ ልጁን ከጓዳው በር ቀኝ መቃን ጋር ተረከዟን አስጠግቶ ያቆማትና ከራሷ በላይ በእርሳስ ያሰምራል። ልብስ ሰፊ ነውና ኪሱ ሁልጊዜ ጠመኔ አይጠፋበትም፤ ለዚህ ግን «ጠመኔ ይጠፋል፣ እርሳስ አይጠፋም» ይል ነበር። ከሁለት ዓመቷ እስከ ዘጠኝ ዓመቷ ስምንት መስመር ሆነ። በሚቀጥለው ክረምት የጉሮሮ በሽታ ሰፈሩን ሲዞር ቶይቤን ይዟት ሄደ። ከፋሲካ እስከ ክረምት ያደገችው አልተሰመረም።

የለቅሶው ሰባት ቀን እንዳበቃ፣ ጊትል ለሐዘን የተቀመጠችበትን ዝቅተኛ ሣጥን ከመሬት አንሥታ፣ በጨርቅ የተሸፈነውን መስተዋት ገልጣ፣ የልጇን ጋሪ ለእህቷ ገፋችላት።

«ውሰጂልኝ። ለእንጨትሽ ይሆንሻል። ዓይኔ አይየው።»

ልብሷንም አሻንጉሊቷንም ሰጠች። መቃኑን ግን ማን ይሰጣል? አከራዩ በየሦስት ዓመቱ ቀለም ቀቢ ይልካል፤ ጊትል በየሦስት ዓመቱ ከጓዳው በር ፊት እጇን ዘርግታ ትቆማለች። «እዚህ ድረስ ቅባ፤ ከዚህ ወዲህ ግን ብሩሽህ እንዳይደርስ!» ትላለች። ቀቢው ይስቃል፣ ይናደዳል፣ ዙሪያውን ቀብቶ ይሄዳል። በሃያ ሰባት ዓመት ዘጠኝ ጊዜ ተቀባ፤ ቀለሙ እየተደራረበ ዳር ዳሩ እንደ ክፈፍ ሲያብጥ፣ መሐሉ ላይ ስፋቱ አራት ጣት የሚያህል ራቁት እንጨት ጎድጎድ ብሎ ቀረ። ሔርሽም ሲሞት ይኸው መቃን ብቻ ነበር የቀራት።

ብሉማ ይህን አታውቅም ነበር። ጊትል ከመቃኑ ላይ ምስማር መትታ ነጭ የእጅ ፎጣ አንጠልጥላበት ነበርና። አንድ ጊዜ፣ ከብዙ ዓመት በፊት፣ «የልጅሽን መስመር አሁንም ታዪዋለሽ እንዴ?» ብትላት «ድሮ ተቀባ» ብላ ዋሸቻት። ሰው ሐዘኑን ከሚደብቅባቸው ሰዎች የመጀመሪያው የሚወደው ሰው ነው። ብሉማ እዚያ ቤት ስንት ጊዜ ጨው የገባበት ዓሣና ጥቁር ዳቦ በልታ እጇን ታጥባለች! ወደዚያ ፎጣ እጇን በዘረጋች ቁጥር ጊትል ሌላ ፎጣ ታቀብላት ነበር። አንድም ቀን ለምን አላለችም።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1957 የበጋ መጀመሪያ በየበሩ ወረቀት ተለጠፈ። ጎዳናው በሙሉ ይፈርሳል፤ በምትኩ ረጃጅም ሕንፃ ይሠራል፤ ነዋሪው በየተመደበለት ይሂድ። ሰው ዕቃውን ሲሸክፍ መጀመሪያ ከየክፍሉ በር መቃን ላይ መዙዛውን ነቀለ፤ በቀኝ መቃን አዘንብለው የሚቸነክሩት፣ የኦሪት ቃል የታጠፈበት ያ ትንሽ ቀፎ የማይነቀልበት ቤት አልነበረም። በየመቃኑ ሁለት ያዘነበሉ የምስማር ቀዳዳዎች ብቻ ቀሩ።

ያ በጋ ለብሉማ የሠርግ ወራት ሆነ። እንጨት እንደ ዝናብ ወረደላት። ደግሞም የላይኛው ከተማ አንዲት የሥዕል ቤት ባለቤት ድሮ በረት የነበረው የብሉማ መሥሪያ ቦታ ድረስ መጥታ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ሣጥኖቹን ስታይ ቆይታ፣ «በጥቅምት አንድ ግድግዳ እፈልጋለሁ፤ አዳራሹ ውስጥ ብቻውን ይቆማል» ብላት ሄዳለች። ሠላሳ ዓመት የጠበቀችው ቃል ነበር። አፍራሾቹን የሚያዘው ካቦ ቪቶ፣ ሆዱ ከፊቱ የሚቀድም ጣሊያናዊ፣ ወዳጇ ሆነ። ደህና ደህናውን እንጨት ከደረጃው ሥር ያስቀምጥላታል።

«እትዬ ብሉማ፣ ቤቱን እንዳለ ልጠቅልልልሽ?»

«ጣሪያውን ተወውና ሌላውን አምጣ።»

«የኔ ሚስት አበባ ስወስድላት ፊቷን ታጠቁራለች፤ አንቺ የበሰበሰ እንጨት ስሰጥሽ ትስሚኛለሽ። ተሳስቼ ነው ያገባሁት!»

ጊትል ቤቷን ልትለቅ አንድ ቀን ሲቀራት ቪቶን ለብቻው ጠርታ አንድ ነገር ለመነችው። የጓዳውን በር ቀኝ መቃን ሳይሰበር ነቅሎ እንዲያኖርላት፤ ከነገ ወዲያ መጥታ ትወስደዋለች። ለእህቷ አልነገረቻትም። ድሮ ተቀባ ብላ ዋሽታታለችና፤ ሐዘን ያረጀ ውሸት ሲሆን ማውጣቱ ከሐዘኑ ይብሳል። ደግሞም አንድ ፍርሃት ነበራት። ብሉማ ዓይታ እንደ እንጨት እንዳታየው።

ቪቶ የተባለውን አደረገ። በጥንቃቄ ነቀለው። ለማን እንደሆነ ለሠራተኞቹ ሳይናገር፣ ለማስቀመጥ እጁ የለመደበት ቦታ፣ ከደረጃው ሥር አቆመው። ምሳውን ሊበላ ሄደ።

ብሉማ ጋሪዋን እየገፋች መጣች። መቃኑ ቀጥ ያለ፣ ምንም ያልነካው፣ የድሮ ጥድ ነበር። ልስን ለብሷል። በመዳፏ ስትጠርገው ጎድጎድ ያለ ቦታ አገኘች፤ እዚያም ውስጥ የእርሳስ መስመሮች ዓየች፣ አጠገባቸው ትንንሽ ቁጥሮች። የአናጢ ምልክት ነው አለች። አንድ አፍታ፣ እስትንፋስ ለምታህል አፍታ፣ እጇ ቆም አለ። ከዚያ ግን ሥርዓቷ ትዝ አላት፤ እንጨት ከየት መጣህ አይባልም። በረቱ ገብታ በመጋዝ ሦስት ቦታ ቆረጠችው፣ ዘፈቀችውም።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ግድግዳው አልቆ ነበር። መኪናው ነገ ጠዋት ይመጣል። ብሉማ በብርጭቆ ሻይ ይዛ፣ ስኳሩን በጥርሷ ነክሳ፣ ከሥራዋ ፊት ተቀምጣ ሳለች ጊትል ገባች። ቁና ቁና ትተነፍሳለች።

«ብሉምዬ፣ ከደረጃው ሥር የነበረውን መቃን የት አደረግሽው?»

«የቱን መቃን?»

«ቪቶ ያቆመውን። የኔን። የጓዳዬን።»

«እታለም፣ ቪቶ የሚያቆመው ሁሉ ለኔ ነው። ቀለሙ የለቀቀ አሮጌ መቃን ምን ያደርግልሻል?»

ጊትል እጇን ከአንገቷ በታች፣ ከቀሚሷ ሁለተኛ ቁልፍ ላይ አግድም አድርጋ ያዘችው። የአንድ ልጅ ራስ የሚደርስበት ቦታ ላይ።

ብሉማ የሻይ ብርጭቆዋን መሬት አስቀመጠች። ፎጣው ትዝ አላት። ማንም እጁን አድርቆበት የማያውቀው ፎጣ።

«ድሮ ተቀባ አላልሽኝም?»

«አልኩሽ።»

«እኔ... መስመሮቹን ዓይቼ ነበር» አለች ብሉማ፤ ይህን ባትል ይሻል ነበር፣ ግን ከአፏ ወጣ። «የአናጢ ነው ብዬ።»

«ዓየሽው?» ጊትል ድምጿ ከፍ አላለም። «የአከራዩን ብሩሽ ሃያ ሰባት ዓመት በዚህ በእጄ መለስኩት። ያንቺን ብሩሽ ማን ይመልስልኝ? የእናቴን ልጅ ብሩሽ መቼ ጠረጠርኩና!»

«አገኘዋለሁ! አሁኑኑ አገኘዋለሁ!»

መዶሻና የብረት ዘንግ አንሥታ ግድግዳዋን ከፊቱ ታፈርስ ጀመር። ነገ መኪና የሚጭነውን፣ ሠላሳ ዓመት የጠበቀችውን። ሣጥኖቹ እየተንቋቁ ወረዱ። መጀመሪያ የፈለገችው ያዘነበሉትን የመዙዛ ቀዳዳዎች ነበር፤ አገኘችም፤ ግን አንድ አይደለም፣ አሥራ አንድ ነው። የጎዳናው በር ሁሉ አንድ ዓይነት ቁስል ነበረበት። የፎጣውስ ምስማር? የዚያ ሰፈር መቃን ኮት፣ ቁልፍ፣ መጥረጊያ ያልተሰቀለበት የለም፤ ሁሉም እንደ ወንፊት የተበሳ ነው። ከሠላሳ የሚበልጥ ጥቁር ቁራጭ እግሯ ሥር ተከመረ። ሁሉም ጸጥ ብለዋል። ዝም በሉ ብላ ያስተማረቻቸው እሷ ናትና አሁን ከየት መጣችሁ ብትል ማን ይመልስላት?

ያገኘችው ጊትል ናት። ክምሩ አጠገብ ተንበርክካ አንድ በአንድ በአውራ ጣቷ ስትዳብስ ቆየችና አንዱ ላይ እጇ ቀረ። ዳር ዳሩ ያበጠ፣ መሐሉ ጎድጎድ ያለ። የአከራዩ ዘጠኝ ቀለም።

«ይኸው» አለች። ጉንጯን አስጠጋችበት። «ይኸውና።»

ከመጋዙ ቁርጥ በላይ አራት መስመር ይኖራል፤ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ዓመቷ። ከጥቁሩ ሥር። የማይታይ፣ ግን ያለ።

«ስጪኝ፣ አወጣልሻለሁ» አለች ብሉማ።

«ተይው ብሉምዬ። ከሥሩ አለ። እንዳለ ማወቁ ይበቃኛል።»

«ቀለሙ እኮ ገና ሦስት ቀኑ ነው። በአኳራጅ ይለቃል፤ እኔ አውቃለሁ፣ ሥራዬ ነው!»

«ተይው አልኩሽ!»

አልተወችም። እዚህ ላይ ሰው ብሉማን ለመኮነን ይቸኩል ይሆናል፤ ነገር ግን በደልን ዓይቶ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ለሁሉም የተሰጠ ጸጋ አይደለም። መካስ የሚቸኩል እጅ ከበደለው እጅ ብዙ አይለይም፤ ሁለቱም የራሳቸውን ብቻ ነው የሚሰሙት። ከእህቷ እጅ እንጨቱን ወሰደችው። ጨርቁን በአኳራጅ ነክራ ጠረገች። ጥቁሩ ለቀቀ። እያለቀሰች፣ «እየወጣ ነው፣ ታያለሽ፣ እየወጣ ነው» እያለች ጠረገች። ጨርቁን ገልብጣ እንደገና ጠረገች። የጥዱ ቢጫ ሥጋ ብቅ አለ፤ ንጹሕ፣ ገና ከመሰንጠቂያ ቤት እንደወጣ። በላዩ ላይ ምንም አልነበረም። ጨርቁ ላይ፣ በጥቁሩ መሐል፣ ትንሽ የሚያብረቀርቅ ግራጫ ነገር ነበር፤ ቀለም ይሁን እርሳስ አይለይም።

ጊትል እንጨቱን ተቀብላ በሩ ጋ ወደ ብርሃኑ ወሰደችው። አገላብጣ ዓየችው። ከዚያ ከሌሎቹ ጋር ክምሩ ላይ መለሰችው።

«አሁን እንጨት ሆነ» አለች። ሻሿን አስተካክላ ወጣች።

በማግስቱ መኪናው ባዶውን ተመለሰ። የሥዕል ቤቱ ባለቤት ወደ ዘልዳ ሱቅ ስልክ ደውላ በፈረንጅ ጨዋነት አዝናለሁ አለቻት፤ በጥቅምት አዳራሹ የሌላ ሰው ሆነ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አሉ የሰፈሩ ሰዎች፣ ነገሩን ሳያውቁ። ብሉማ አላስረዳቻቸውም። በረቱ ሲፈርስ ወደ ሌላ ምድር ቤት ስትዛወር፣ ያን ሁሉ የመቃን ቁራጭ በሕፃን ጋሪ እያመላለሰች ወሰደችው። የቀሩት አራት መስመሮች ከክምሩ በየትኛው ቁራጭ ላይ እንዳሉ ጊትል አልፈለገችም፤ ብሉማም ብቻዋን ልትነካቸው አልደፈረችም። ልትጠቀምባቸውም ልትጥላቸውም አልቻለችም። የጣለችው ቁራጭ የቶይቤ ቢሆንስ?

እህትማማቾቹ ክረምቱን ሙሉ አልተገናኙም። ጊትል የተመደበላት አሥራ አንደኛ ፎቅ፣ ነጭ ግድግዳ ያለበት ቤት ነው፤ ወንዙ ከላይ ይታያል፤ ጎረቤት ግን አይሰማም። የፋሲካ ዋዜማ በሩ ተንኳኳ። ብሉማ ናት፤ ጋሪዋን ታች ትታ፣ አንድ የተቀረጸ እርሳስ በእጇ ይዛለች። ከበሩ አልገባችም።

«የቱ ጋ ነበር ያልሽኝ?» አለች። «የቱ ቁልፍ ጋ?»

ጊትል እርሳሱን ዓየች። ብሉማ የምትጮህባት መስሏት ነበር። ጊትል ግን ገለል ብላ አሳለፈቻት። ጓዳው በር ጋ ሄዳ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ተረከዟን ከቀኝ መቃኑ ጋር አስጠጋች። ጀርባዋን ለማቅናት ሞከረች። ስድሳ አራት ዓመቷ ነበር፤ አልቀና አላት።

«ሁለተኛው ቁልፍ ጋ» አለች። «ግን ልክ አይሆንም፣ ብሉምዬ። ያን ጊዜ እንዲህ አልነበርኩም። ቁመቴ እያለቀ ነው። ሔርሽ ሲሞት ይህ ቀሚስ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ነበር፤ አሁን መሬት ይጠርጋል። በኔ ከለካሻት በየዓመቱ እያጠረች ትሄዳለች።»

«እና ምን ላድርግ?»

«ትንሽ ከፍ አድርጊው።»

ብሉማ እርሳሱን አስጠጋች።

«እዚህ?»

«ትንሽ ከፍ።»

«እዚህ?»

ጊትል ዓይኗን ጨፈነች። እጇን ወደ ፊቷ ዘርግታ፣ በባዶው አየር ላይ፣ የሆነ ነገር እንደምትዳስስ መዳፏን አንዣበበች። ከፍ አደረገችው። ዝቅ አደረገችው።

«አላውቅም» አለች። «አይ እህቴ፣ አላውቀውም።»

ብሉማ አሰመረች። ቀጭን መስመር። ትክክል አለመሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ፤ በስንት ጣት እንደሚሳሳት ግን ማንም አያውቅም። ጊትል ምስማር አምጥታ ከመስመሩ በላይ መታች፤ ነጩን ፎጣ አንጠለጠለችበት።

ከዚያ ዓሣውን ከተፈች፣ ሽንኩርቱን ላጠች። ብሉማ ልታግዛት ብላ እጇን ታጠበች። ውሃው ከጣቶቿ እየተንጠባጠበ ዞር ስትል ፎጣው ከፊቷ ተሰቅሏል። ቆም አለች። ከዚያ እጇን በራሷ ቀሚስ ጠረገች።